ዕጣ ጆሮ የለውም

በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሀዲያ ሆሳዕና ሲጫወት ደጋፊው ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። ጩኸቱ ሥራ አለው፤ ተጫዋቹን ያሞቀዋል፣ የእንግዳውን በረኛ ያደናብራል፣ ዳኛውንም ቢሆን ያወላውላል። ዳኛው የወረወረውን ሳንቲም ግን አንድም ቀን ገልብጦት አያውቅም። ይህን የማያውቅ ደጋፊ የለም። ያው ደጋፊ እሁድ ጠዋት ጉባኤ ሲገባ ግን የሚያውቀውን ከደጅ ትቶት ይገባል።

የተማረ ፈረንጅም ከደጅ ትቶት ገብቷል። በ1979 እ.ኤ.አ. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ዲን የነበሩት ሮበርት ጃን፣ ሰው በሐሳቡ ብቻ የዕጣ ማሽን ማዛባት ይችል እንደሆነ የሚመረምር ላቦራቶሪ ከፈቱ። ማሽኑ ዜሮና አንድ በዘፈቀደ ይደረድራል፤ ሰውየው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «አንድ ይብዛ» እያለ ይመኛል። የጀርመን ቤተ ሙከራዎች ከፕሪንስተን ጋር ሆነው ነገሩን ሲደግሙት የተባለው ውጤት አልተገኘም፤ ላቦራቶሪውም በ2007 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የዚያው ቤት ባልደረባ ሮጀር ኔልሰን ግን ቀደም ብለው፣ በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ምኞቱን ወደ ዓለም አስፍተውት ነበር። በየአገሩ ማሽን ተተከለ፤ የሕዝብ ልብ በአንድ ነገር ላይ ሲያርፍ፣ ታላቅ ሰው ሲሞት ወይም አዲስ ዓመት ሲገባ፣ ማሽኖቹ ከልማዳቸው ያፈነግጣሉ ተባለ። ስማቸውን ያስጠራው የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መዝገብ ነው።

ኤድዊን ሜይና ጄምስ ስፖቲስዉድ ያንን መዝገብ ገለጡት። ሜይ የነገሩ ጠላት አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን በዚሁ ዓይነት ምርምር የፈጁ ሰው ናቸው። ያገኙት ይህን ነው፦ ቆጠራው የተያዘበት የሰዓት መስኮት በጥቂት ደቂቃ ቢያጥር ወይም በ30 ደቂቃ ቢረዝም ኖሮ ተአምሩ አይኖርም ነበር።

መስኮት መክፈትና መዝጋት እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም። ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ እንዴት እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ልጅ ለሳውዝ፣ ለደቡብ አፍሪካ፣ ሲነሳ መሬት ይሸጣል፣ ቤተሰብ ይጾማል፣ የአዳር ጸሎት ይያዛል፣ አገልጋይ ተጠርቶ እጅ ይጭናል። ከዚያ ከሞያሌ ማዶ ስልክ ይመጣል፤ «ተሻገረ!» እናት እሁድ ማይክ ትይዛለች፤ ጌታ በር ከፈተ ትላለች፤ ጉባኤው አሜን ይላል። መስኮቱ እዚያ ላይ ይዘጋል። ከኬንያ በኋላ ያለው፣ የታንዛኒያ እስር ቤት፣ የማላዊ ጫካ፣ የሞዛምቢክ ኮንቴይነር፣ ከመስኮቱ ውጭ ነው።

እኔ መስኮቱን ልክፈተው። መጋቢት 15 ቀን 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ ኮንቴይነር ተከፈተ። ውስጡ 78 ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ 64ቱ ታፍነው ሞተዋል። ጥቅምት 2015 ማላዊ ውስጥ ምዚምባ ከሚባል ስፍራ 25 አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው ተባለ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ደግሞ ከሉሳካ ወጣ ብሎ ንግዌሬሬ ላይ 27 አስከሬን ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ እነሱም የእኛው ሰዎች እንደሆኑ ታመነ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ድንኳን የሚተከለው በየትኛው ሰፈር እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እስቲ የእነዚያ እናቶች ያነሰ ጾመው ነበር በሉኝ። ድፍረቱ ያለው ይናገር! ኮንቴይነር ውስጥ ያለ አየር የሚያልቀው በሰው ቁጥርና በሰዓት ነው። ሆሳዕና ላይ ስንት ሺህ ሰው እጁን ዘርግቶ እንደቆመ አየሩ አይጠይቅም፤ የተቆለፈው በርም አይጠይቅም።

መቁጠር ካማረን አራት ዓይነት ሰው አለ፦ ተጸልዮለት የደረሰ፣ ተጸልዮለት የቀረ፣ ሳይጸለይለት የደረሰ፣ ሳይጸለይለት የቀረ። መድረክ ላይ የምናወጣው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አራቱን ሳናይ ስለ አንዱ እልል ማለት ምስክርነት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ልጆቹን የሚያሻግረው የደላላው ነው፤ ያውም ሳይከፍልበት። ሐኪሞች በአንድ ወቅት ሁሉንም ወገን ለመቁጠር ሞክረዋል። በኸርበርት ቤንሰን መሪነት አሜሪካ ውስጥ 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ተከፋፍለው ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታተመ። ይጸለይላቸው አይጸለይላቸው እንደሆነ ሳያውቁ የተጸለየላቸው 52 በመቶ፣ ያልተጸለየላቸው 51 በመቶ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ገጠማቸው። እንደሚጸለይላቸው አስቀድሞ የተነገራቸው ግን 59 በመቶ ሆኑ። ይህ የመጨረሻው ራሱ የአጋጣሚ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ሙግቴን በእሱ ላይ አላቆምም።

የዲቪ ዕጣስ? በ2011 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የዲቪ ዕጣ ሰረዘ። ወደ 22 ሺህ የሚጠጋ ሰው ደርሶሃል ተብሎ ነበር። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ተሳስቶ ከዕጣው 90 በመቶ ያህሉን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከተመዘገቡት ብቻ አንሥቶ ኖሯል። ዕጣ በእርግጥ የተዛባበትን አንድ ቀን ካመጣችሁልኝ ይኸው፤ ያዛባው የፕሮግራም ጸሐፊ ስህተት ነው። ያኔ ስዕለት የከፈለ ሁሉ ገንዘቡን መልሱልኝ ማለት ነበረበት።

«ጸሎትን ትዘልፋለህ» የሚለኝ አይጠፋም። በዚሁ ጉባኤ አግዳሚ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መጸለይም አልተውኩም። ልመና ሌላ ነው፣ መቀየሪያ መዘውር ሌላ። ለማኝ እምቢ ሊባል እንደሚችል አውቆ ይለምናል። ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ሌሊት ከጮኸ መኪናው ፍተሻውን ያልፋል የሚል ግን ፈጣሪን እንደ ፕሪንስተን ማሽን ቆጥሮታል፤ አያቶቻችን ጠንቋይ ቤት ትተውት የወጡት ሒሳብ ይኸው ነው። ኢየሱስ ከመቅደሱ ጫፍ ዝለል፣ መላእክት ይይዙሃል ሲባል እምቢ አለ። እኛ ግን ልጆቻችንን እየወረወርን ነው።

የብዙ ሰው ልብ አንድ ላይ ሲሆን ኃይል የለውም አላልኩም። የሀዲያን ስደት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ እንደጻፉት፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ካናዳዊ ሰባኪ ሆሳዕና ላይ የተናገረው ትንቢት ወደ ደቡብ ለሚደረገው ጉዞ እንደ ፈቃድ ወረቀት ተቆጥሯል። ያ ትንቢት ኬላ አልከፈተም፤ የከፈተው የሰው ልብ ነው። ቀሪውን የሠራው ሰው ነው፤ መሬቱን የሸጠው አባት፣ ዕቁቧን ቀድማ የወሰደችው እናት፣ ከሳውዝ በተላከ ገንዘብ ፎቅ የሠራው ጎረቤት፣ ፎቁን እያየ ትምህርቱን የጣለው ልጅ። የከተማ ሙሉ ዓይን አንድ ልጅ ላይ ሲያርፍ ልጁ ይሄዳል። መኪናው ላይ ሲያርፍ ምንም አይሆንም።

ደላላው የት እንደሚውል፣ የትኛው ካፌ እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። ሕጉም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን ድንበር በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግርን ይቀጣል። ምስክር ሲፈለግ ግን ያ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲጮኽ ያደረ ሰው ድምፁ ይጠፋል። ደላላው ደግሞ ለአዳራሹ ቆርቆሮ ገዝቷል፤ በኮንፈረንስ ቀን ከፊት ወንበር አለው፤ ሽማግሌዎች ቆመው ይጨብጡታል።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ በመጪው እሁድ የምስክርነት ሰዓት ማይኩን መጀመሪያ ልጁ ላልደረሰ አባት ስጡት። የመንገዱን ገንዘብ ከእጁ የተቀበለው ማን እንደሆነ በስሙ ይጥራ፤ ሰውየውም ከፊት ወንበሩ ሆኖ ይስማ። የቆርቆሮውን ዋጋም ቆጥራችሁ እዚያው መልሱለት።