ክፍሉ ይጮሃል፤ ልጅቷ ግን ዝም ብላለች

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅር ጉዳይ ናቸው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። እጮኛም አለበት፤ ዋናዋ ባለጉዳይ ግን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብዳቤውን አሳጥሬ እነሆ ብያለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 25 ነው። ጉለሌ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በክፍሌ 58 ተማሪዎች አሉ። ዘንድሮ በጎ አድራጊዎች አንድ ፕሮጀክተርና አራት ታብሌት ሰጡን። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ፕሮጀክተሩን ስከፍተው ልጆቹ ባንድ ድምፅ እየጮሁ ይመልሳሉ። ርዕሰ መምህሩም በመስኮት አይተው ‹ጎበዝ!› ብለውኝ ያልፋሉ። ፈተና ስሰጥ ግን ውጤቱ ያው የድሮው ነው።

«አንዲት ልጅ አለችኝ። አባቷ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ኋላ ትቀመጣለች፤ አትናገርም። አንድ ሰኞ ቀን ሰሌዳ ላይ አውጥቼ 52 ሲቀነስ 38 ስንት ነው አልኳት። 26 ብላ ጻፈች። እንዲህ ስትሳሳት ስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ አላውቅም። ደክሞኝ ነበርና ‹አንቺ ደደብ! ስንቴ ልንገርሽ!› ብዬ ጮህኩባት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም። ይህን ስጽፍ አራተኛ ቀኗ ነው። እጮኛዬ ‹ለዚች ደሞዝ ብለሽ ነው? ተይውና ሱቅ እንክፈት› ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ምን ትሉኛላችሁ?»
ቲቸር ነኝ፣ ከጉለሌ

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄብሻለሁ። በዚያ ዕድሜ በሰው ፊት «ደደብ» የተባለ ልጅ ቃሏን ተሸክሟት ያድጋል። በኋላ ግን ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ በልጅ ላይ ጮኾ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ስንት አለ? ጥፋትሽን አላቃልልልሽም፤ ግን እንዲህ የሚያመው ሰው ከክፍል ሲወጣ ለልጆቹ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ የሱቁን ወሬ ለጊዜው ተይውና ይህ ጋዜጣ እጅሽ እንደገባ ወደ ልጅቷ ቤት ውጪ። ለምን ቀረች ብለሽ ለመቆጣት አይደለም። አባትና እናቷ ባሉበት «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። ስትመለስም ያንኑ ይቅርታ ክፍል ውስጥ ድገሚው፤ የሳቁት እነሱ ናቸውና እነሱም ይስሙ። ክብሬ ይቀንሳል ብለሽ አትስጊ። ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አሁን ወደዚያች 26 እንምጣ። እኔ 12ኛን የጨረስኩ ሰው እንጂ መምህር አይደለሁም። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሕፃናትን ያስተማሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ቁጥሯን ገና ሲያዩ ሳቅ አሉና «ይህቺ ልጅ እኮ አስባለች» አሉኝ። እንዴት? ከ2 ላይ 8 አይቀነስም። ልጅቷ ታዲያ ገልብጣ ከ8 ላይ 2 ቀነሰች፤ 6 ሆነ። ከ5 ላይ 3 ስትቀንስ 2 ሆነ። ተደምሮ 26! በዘፈቀደ አልጻፈችም፤ «ሁልጊዜ ትንሹ ከትልቁ ይቀነሳል» የሚል ሕግ ለራሷ አውጥታለች። ሕጉ ነው የተሳሳተው። አንቺ ደግሞ መልሱን እንጂ ሕጓን አላየሽም። ስለዚህ መቶ ጊዜ ብትነግሪያት መቶ ጊዜ 26 ነው።

እስቲ 52 ብር ስጪያትና የ38 ብር ሽንኩርት ግዢ ብለሽ ላኪያት። መልሱን 14 ብር ቆጥራ ባታመጣልሽ ይገርመኛል። አባቷም ቢሆኑ ጥለት ሲጥሉ ድሩን እየቆጠሩ ነው የሚሠሩት። ቁጥር በቤቷ አለ፤ የጠፋው ከቤት ወደ ሰሌዳ የሚያሻግረው ድልድይ ነው።

ድልድዩ ደግሞ ርካሽ ነው። ስንጥር ሰብስቢና አሥር አሥሩን በክር እሰሪ። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ስንጥር ነው። «ስምንት ስንጥር ስጪኝ» በያት። ሁለት ብቻ ነው ያላት፤ ትቸገራለች። እዚህ ላይ አትቸኩይ፤ ዝም በይ። አንዱን እስር ራሷ ትፍታው። አሁን 12 ስንጥር አላት፤ 8 ሰጥታሽ 4 ይቀራታል። ከቀሩት አራት እስሮች ሦስቱን ትሰጥሻለች። አንድ እስርና አራት ስንጥር፣ 14። ሰሌዳ ላይ «መበደር» የምንለው ይኸው ነው።

ይህን ግን ለ58 ልጅ ባንድ ጊዜ ማሳየት አይቻልም። ባንድ ድምፅ ሲጮሁ ያወቀውም ያላወቀውም አፉን ይከፍታል። የልጅቷ ዝምታ በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው የተደበቀው። እንደ ልማዱ ለአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል መለኪያው 50 ተማሪ ነው፤ ያንቺ ከዚያም አልፏል።

መሣሪያውስ? እዚህ ላይ የራሴን ትዝታ ላንሳ። በ1997 ዓ.ም. ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይመጣ ነበር። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አግኝቶኛል። የሳይንስ ሙከራው ያምር ነበር፤ አልዋሽም። የሒሳቡ ጊዜ ግን ፕላዝማው እንደ ጎርፍ ይሮጣል። ቆይ አይባል፣ ድገም አይባል። መምህራችን ጠመኔ እንደያዙ ጥግ ላይ ቆመው እንደኛው ያዩ ነበር። ያን ጊዜ ያልገባኝ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጥፋቱ የመስታወቱ አልነበረም፤ ለብዙው ሰው እየተናገረ መምህሩንም አፉን ማስያዙ ነው። አንቺም በፕሮጀክተርሽ ሳታውቂው ያንኑ እየደገምሽ ነው።

ገልብጪው! መሣሪያው ብዙዎቹን ይያዝልሽ፤ አንቺ ከጥቂቶቹ ጋር ተቀመጪ። ያነጋገርኳቸው መምህርት የመከሩኝን በተርታ ላስቀምጥልሽ፦

1ኛ. ሦስት የመቀነስ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ስጪ። ማርክ አትስጪበት። ስህተቱን እያየሽ ልጆቹን ለያቸው፤ 26 የጻፉት ለብቻ፣ ቆጠራ የጠፋባቸው ለብቻ።

2ኛ. ከክፍለ ጊዜው 15 ደቂቃ ለይ። ስድስት ልጆች ካንቺ ጋር በስንጥር ይሥሩ። ፊተኛው ዴስክ ላይ ያሉት ሦስቱ ወደ ኋላ ዞረው ቢቀመጡ ስድስቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። 12ቱ፣ ለአንድ ታብሌት ሦስት ሦስት ሆነው፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ መልመጃ ይሥሩ። 40ዎቹ ፕሮጀክተሩ የሚያሳየውን ጥያቄ ሁለት ሁለት ሆነው በደብተር ይሥሩ። ተደምሮ 58!

3ኛ. ለፕሮጀክተሩ የራስሽን ማስረጃ አዘጋጂ። በስልክሽ፣ በአማርኛ፣ በራስሽ ድምፅ ስንጥሩን እየፈታሽ ቅረጪ። እንደ ፕላዝማው አይደለም፤ ይቆማል፣ ይደገማል። መብራት ከጠፋ ሰሌዳና ቆርኪ አለ።

4ኛ. ቡድኖቹን «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» አትበያቸው። በየሁለት ሳምንቱ እንደ ስህተታቸው አቀያይሪያቸው። የደከሙት በሳምንት ሁለቴ ይድረሳቸው፤ ለፈጣኖቹም አንድ ቀን ስጫቸው፤ እነሱም ልጆች ናቸው።

«አንድ ለአምስት አይደለም እንዴ ይሄ?» እንዳትይኝ። በአንድ ለአምስት አንዱ ጎበዝ ሠርቶ አምስቱ ሲገለብጡ አይተናል። እዚህ ከልጆቹ ጋር የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ሕንድ አገር ፕራትሃም የሚባል ድርጅት ልጆችን በክፍል ደረጃቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ እየመደበ በማስተማር ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ትምህርት ቤት ባዘጋ ጊዜ ደግሞ ቦትስዋና ውስጥ ለቤተሰብ የሒሳብ ጥያቄ በስልክ መልእክት ይላክ ነበር። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ብዙም ለውጥ አላሳዩም። በሳምንት አንድ ቀን አስተማሪ ደውሎ ለጥቂት ደቂቃ ያሠራቸው ግን ተሻሻሉ። መሣሪያው ያው ተራ ስልክ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው።

ርዕሰ መምህሩን አትፍሪያቸው። አሁን ጩኸቱን ሰምተው ያመሰገኑሽ የሚያዩት ሌላ ስለሌለ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀትና የወር በኋላውን ወረቀት ጎን ለጎን አሳያቸው። ለእጮኛሽም ስለ ደሞዙ እውነቱን ነው በይው፤ ግን አንድ ሴሚስተር ለምኚው። እንደተሸነፍሽ አትውጪ። ሞክረሽ አሁንም መውጣት ካማረሽ፣ ያኔ ሱቁን ክፈቱ፤ ማንም አይፈርድብሽም።

እናንተስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፑል ቤት የምትውሉ ወንድሞቼ? ኮምፒዩተር የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ሰፈራችሁ ያለ አንድ መምህር ዘንድ ሄዳችሁ «ታብሌቱ ላይ መልመጃ ልጫንልዎት?» በሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈጀው።

እህቴ፣ ልጅቷ ተመልሳ 14 ብላ የጻፈች ቀን አንድ መስመር ጻፊልኝ። ደብዳቤሽን እጠብቃለሁ። ለሁላችሁም፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!