እቤት የሚያጠና ልጅ ሥራ ፈት አይደለም

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃና ስለ ቆሻሻ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ግን በየጓዳችን ተሸሽጎ ያለ ጉዳይ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ነጥብ ያልሞላላቸው፣ አሁን በግል ለመፈተን እቤት ሆነው የሚያጠኑ ልጆቻችን ጉዳይ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እናስታውስ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ሆነ። ከፍ ብሏል፤ ይሁንና በ2017ም ቢሆን ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሹን አላገኙም። እንግዲህ የእርስዎ ልጅ ብቻውን አልወደቀም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? በሠፈራችን ግን «ልጅህ የት ደረሰ?» ሲባል ወሬ የሚቀይር ወላጅ ሞልቷል። ጭራሽ ልጁ ሰው ፊት እንዳይወጣ የሚፈልግም አለ።

ባለፈው ወር ከዕድር ስብሰባ በኋላ ጥቂት ወላጆች ቆመን በዚሁ ነገር ስንጨዋወት ቁም ነገር ሰማን። አንድ ታክሲ የሚነዱ አባት፣ እሳቸው ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጡ ናቸው፣ ማታ ሲገቡ ልጃቸውን አስቀምጠው «ዛሬ ያነበብከውን አስረዳኝ» ይሉታል። ፊዚክስ ገብቷቸው አይደለም። ነገር ግን ልጁ ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ሲፍጨረጨር ያልገባው የቱ ላይ እንደሆነ ራሱ ያገኘዋል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያልተማረ ወላጅም ሊያደርገው ይችላል።

የስልክ ነገር አከራከረን። አንዲት እናት ስልኩን ነጥቀው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እኛ ይህን አንደግፍም። የድሮ የፈተና ወረቀት ዛሬ በቴሌግራም ነው የሚገኘው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ከተፈታኞች ከፊሉ ፈተናውን በኮምፒዩተር ስለሚወስድ ልጁ ከማሽን ጋር መተዋወቅ አለበት። ሌላዋ እናት ያሉት ይሻላል፦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትየውም ጭምር፣ ብፌው ላይ ያድራል። አባትየው እስካሁን እንደሚያጉረመርሙ ሰምተናል።

ዋናው ነገራችን ግን የሴቶቹ ልጆች ነው። ወንዱ እቤት ሲውል «እያጠና ነው፣ አትረብሹት» ይባላል። ሴቷ ስትውል ግን «እቤት ነሽ አይደል?» ነው። እንጀራ አለቀ፣ ሊጥ አቡኪ። እንግዳ መጣ፣ ቡና አፍዪ። ሕፃኑን ያዥልኝ። ለለቅሶ ቤት ሽንኩርት ክተፊ። ውኃ የምትመጣው በሌሊት ነው፣ ተነሥተሽ ቅጂ። በዚህ መሐል ኬሚስትሪ የት ይግባ? ማታ ደብተሯን ስትከፍት ዓይኗ ይከደናል። ውጤት ሲመጣ ደግሞ «ዓመት ሙሉ እቤት ተቀምጣ አላለፈችም» እንላለን። ኧረ እግዜር ይታዘበን! መች ተቀምጣ ዋለች? ሠራተኛ ብንቀጥር ደመወዝ የምንከፍልበትን ሥራ ነው በነፃ ያሠራናት። ልጅ ቤቷን አታግዝ አላልንም፤ ሁላችንም ስናግዝ ነው ያደግነው። ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ የእሷ ነው ተብሎ በቤቱ ይታወቅ። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ሄዳለች ብለን እንቁጠር። ክፍል ውስጥ ብትሆን ሽንኩርት ክተፊ ብለን እንልክባት ነበር?

ድሮ ይህን ሸክም ጎረቤት ይጋራው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ግን ብዙ ጎረቤታችን ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ታናናሾቹን ሒሳብ የሚያስጠናው የጎረቤት ልጅም አብሮ ሄደ። የቀሩት እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ብቻቸውን ናቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉም ያየነው ይህንኑ ነው። በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት ብቻውን የሚከታተል ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቻል፤ ከታናሹ ወይም ከእኅቱ ጋር የሚያየው ግን ይቆያል።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ አለን። የዕድራችን ቤት ከለቅሶና ከወር ስብሰባ በቀር ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ ይውላል። አግዳሚ ወንበር አለው፣ መብራት አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ለእነዚህ ልጆች ይከፈት። ለቅሶ ከደረሰ ይለቃሉ። ወንድና ሴት አንድ ላይ እንዴት ይውላል የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን፤ አንድ ወላጅ በየተራ በር ላይ ቁጭ ይበል። ጡረታ የወጡ መምህራንም በመካከላችን ስላሉ በሳምንት አንድ ቀን እንግሊዝኛና ሒሳብ ቢያዩላቸው እንለምናቸዋለን።

«አብርሆት አለ እኮ፣ እዚያ ይሂዱ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእኛ ለአራዳ ሰዎች በእግር የሚደረስ ነው፣ ይሂዱም። ግን የንባብ አዳራሽ ዝምታ ይፈልጋል። ልጆቹ ደግሞ እየተከራከሩ ጥያቄ የሚሠሩበትም ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ጉዳዩ በሚመጣው የወር ስብሰባ ላይ ይቀርባል። ተፈታኝ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም ኑና ተናገሩ። የሚቃወም ካለ እዚያው ይቃወም፣ በየደጃፉ አይሁን። ሴት ልጅ ያላችሁ በተለይ እንዳትቀሩ፤ የሚቻል ከሆነም ልጆቹን ራሳቸውን ይዛችሁ ኑ። የቤቱ ቁልፍ ያለው ከዕድሩ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ነው።