ሆንግ ኮንግ ስትደርሱ ተራራውን ተዉት

ሆንግ ኮንግ ላይ አውሮፕላን እስኪቀይር 8 ሰዓታት የተረፉት መንገደኛ ምን ያደርጋል? ቪክቶሪያ ፒክ ወጥቶ ፎቶ ይነሳና «ከተማዋን አየኋት» ይላል። ወዳጄ፣ ያየኸው ፎቅ ነው! እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ተሸንሽነው በሚከራዩ ጠባብ ቤቶች ይኖሩ ነበር። ይሄ ከተራራ ላይ አይታይም።

እኔን ብትሰሙኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሚሠራውን ትራም ያዙ። ፎቁ ላይ ውጡና በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ከኬኔዲ ታውን እስከ ሻው ኬይ ዋን እየተንቀራፈፈ በሱቁና በገበያው መሀል ይወስዳችኋል። እርግጥ ትራሙም የሰው ጓዳ አያስገባም። ቢሆንም ከሥራ የሚመለሰው ሰውዬ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ከተማ ማየት ማለት ለእኔ እሱ ነው።