ፓናል ሲባል ለምን እንቅልፋችን ይመጣል?

እናንተዬ፣ «ፓናል» የሚለውን ቃል ስትሰሙ መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? እኛ ትዝ የሚለን የአዳራሽ ባነር፣ በየጠረጴዛው የተደረደረ የፕላስቲክ ውኃ፣ ከምሳ በኋላ አንገቱን የሚጥል ተሰብሳቢ እና «ሰዓት ስለገፋ ሁለት ጥያቄ ብቻ» የሚል አወያይ ነው። እንግሊዞች ግን በዚሁ ፓናል ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲስቁ ኖረዋል።

«ጀስት ኤ ሚኒት» የተባለው የቢቢሲ ሬዲዮ ጨዋታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሳትደናቀፍ፣ ሳትደጋግምና ከርዕስ ሳትወጣ አንድ ደቂቃ አውራ። (የእኛ ስብሰባ ተናጋሪዎች ቢሞክሩት ሁለተኛው «ከዚህ አንጻር» ላይ ደወል ይደወልባቸዋል!) በ1990 የጀመረው «ሃቭ አይ ጎት ኒውስ ፎር ዩ» ደግሞ በሳምንቱ ዜና ላይ ይቀልዳል። በ1993 የሌበር ፓርቲው ሮይ ሃተርስሊ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርባቸው አዘጋጆቹ አልተጨነቁም። ወንበሩ ላይ በዕቃ የተሞላ የአሳማ ሞራ አስቀምጠው ጨዋታውን ቀጠሉ።

ምስጢሩ ምንድን ነው? ነጥቡ ለማንም ግድ አይሰጠውም። ሰው የሚያየው ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን ማን ለማን ምን ብሎ እንደመለሰ ነው። ቀልዱ አንዱ ከሌላው አፍ ላይ እየነጠቀ ሲሄድ ነው የሚጥመው።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ አትቸኩሉ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምናውቅልህ» ብሎ ያላደገ ማን አለ? ያላወቀ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሀገር ከሰጠ በኋላ የሚወርድበትን ፌዝ ታውቁታላችሁ። ያዋቂዎቹ ደግሞ «በላ ልበልሃ» ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በሕዝብ ፊት በቃላት ይፋለማሉ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ ማር ያስይዛሉ። «እሰጥ አገባ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ውርርድ ነው። ተመልካቹ ፍርዱን ብቻ ሳይሆን አነጋገሩንም ሊሰማ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋግ ኽምራ እንውጣ። ሰቆጣና አካባቢዋ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሻደይ ነው። ልጃገረዶች በዓሉ ስሙን ያገኘበትን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ለጋሱ ይወደሳል፤ ቋጣሪው የሚሰማውን ይሰማል። ግጥሙ እዚያው፣ በፊቱ ነው የሚገጠምለት።

ልብ በሉልን፣ ቢቢሲ ወንድ ብቻ የተቀመጠበት የቀልድ ፓናል እንደማያሳይ ያስታወቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም ከስንት ወቀሳ በኋላ! በሻደይ ግን ከበሮው ድሮም በሴቶች እጅ ነው። ታዲያ በቴሌቪዥናችን ሴቷ ለምን ቀልዱን ከመናገር ይልቅ በቀልዱ የምትስቅ ሆና ትቀመጣለች?

ቀልደኛ አጥተን አይደለም። ልመንህ ታደሰ፣ አለባቸው ተካ፣ ተስፋዬ ካሣ፣ ደረጄና ሀብቴ አገር አስቀዋል። የጥያቄ ጨዋታ ፍላጎትም እንዳለን «የቤተሰብ ጨዋታ» አሳይቶናል። የጎደለን ሁለቱን የሚያገናኝ ጠረጴዛ ነው።

«ዋግ ርሃብ እያለ ምን ሳቅ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው። የሰቆጣ ስም በዜና የሚነሳው በድርቅ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» እንኳ የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቆም ነው፤ መልካም ዓላማ ነው፣ ይሳካ እንላለን። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረችበት ጦርነት መጣ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሰውን ሁልጊዜ ስንዴ ሲቀበል ብቻ የሚያሳይ ካሜራ፣ ያ ሰው አፍ እንዳለው ያስረሳናል። አፉን ያስረሳነውን ሰው ደግሞ ስለ ራሱ ጉዳይ እንኳ ሳንጠይቀው እንወስንለታለን። ሳቅ እህል አይሆንም፤ በሳቁ የምናውቀውን ሰው ርሃብ ግን እንደ ቁጥር አንሰማውም።

«ማን ይደፍራል?» ለሚሉም መልስ አለን። ከሚኒስትር መጀመር የለብንም። ከኳስ፣ ከታክሲ ወረፋ፣ ከሠርግ ወጪ እንጀምር። አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጣናም ያሰራጫል፤ ስቱዲዮ አለ፣ ቋንቋ አለ። ሦስት የሻደይ ልጆች በአንድ ወገን፣ ሦስት በላ ልበልሃ የሚያስታውሱ አባቶች በሌላ ወገን፣ መሐል አንድ ዳኛ። ውድ መብራትና ድራማ ጸሐፊ አይጠይቅም።

ባለሥልጣኑስ? እሱም ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ከቀረም ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ነገር አናጣም። (እኛ ጾመኞች ነን፣ ሞራው ይቅርብን፤ አንድ ጆንያ ሽሮ ይበቃል።)

ነጥብ መዝጋቢ አያስፈልግም። ያላወቀ ሀገር ይስጥ!

ቸር ይግጠመን።