የድርጭት ጠብና የሻጩ ኃላፊነት

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የተባለው ለዳኛ ብቻ አይደለም፤ ለነጋዴም የሚሠራ ምክር ነው። የተሸጠው ዕቃ ገዢው ቤት ከገባ በኋላ የተበላሸ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የአሻሻጡ? ብሎ መመርመር የአስተዋይ ነጋዴ ልማድ ነው። የሚሸጠው ነገር ነፍስ ያለው በሆነ ጊዜ ደግሞ ይህ ምርመራ ይበልጥ ያስፈልጋል። ለዚህም ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ለርቢ የምትሸጠው ድርጭት ናት።

ድርጭት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ወፍ አይደለችም። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ እንደ በሏት በኦሪት ተጽፎ ይገኛል፤ በኢትዮጵያም ደጋ በሣርና በአዝመራ መካከል የምትኖር የዱር ድርጭት አለች። በቀፎ ውስጥ ለእንቁላልና ለሥጋ የምትረባው ግን በዓይነቷ የተለየችው የጃፓን ድርጭት ናት። ጃፓኖች ይህችን ወፍ በመጀመሪያ ስለ ድምፅዋ ያኖሯት ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ለእንቁላልዋ እየመረጡ አረቧት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ ይኸውም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1939 እስከ 1945 በነበረው ዘመን፥ የእንቁላል ዘሯ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከተረፉትም ጥቂቶች እንደ ገና አበዟት። ዛሬ በአይቺ ግዛት ያለችው የቶዮሃሺ ከተማ በድርጭት እንቁላል የታወቀች ናት።

ነጋዴና አርቢ ይህችን ወፍ የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንቁላልዋ 10 ግራም ያህል ብቻ ቢመዝንም፥ ጫጩቷ በ17 ወይም በ18 ቀን ትፈለፈላለች፤ በ6 ወይም በ7 ሳምንትም እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ስለዚህ ገንዘቡና ስፍራው ጥቂት የሆነ ሰው ፈጥኖ የሚገኝ ትርፍ ተስፋ አድርጎ ይገዛታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተፋጁ፥ የሴቶቹ የማጅራት ላባ ተነጨ፥ የአንዲቱ ዓይን ጠፋ፥ ሌላይቱም ሞተች የሚል ቅሬታ ይነሣል። ገዢው «የተሸጠልኝ ዘር ክፉ ነው» ይላል፤ ሻጩም «አያያዙን አታውቅበትም» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ዋናው ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ በሽያጩ ቀን የተሠራ የቍጥር ጥፋት ነው። ርግብ ወንድና ሴት ሆና ተጣምራ ስለምትኖር፥ ድርጭትም እንደዚሁ ይመስላትና አንድ ለአንድ ተቈጥራ ትሸጣለች። በቀፎ የሚኖር የድርጭት ወንድ ግን እንደ ርግብ አይደለም። ሴቲቱን ሲሰርራት የራስዋንና የማጅራቷን ላባ በመንቁሩ ጨምድዶ ይይዛል፤ ይህ በአንዲት ሴት ላይ በየቀኑ ሲደጋገም ቆዳዋ ይራቈታል፥ ይቈስላልም። ደም የታየ እንደ ሆነ የቀሩት ወፎች ቍስሉን መንቆር ይጀምራሉ፤ ነገሩም እስከ መበላላት ይደርሳል። ወንዶቹም እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ተሸናፊው ማምለጫ የለውም። በሜዳ ቢሆን ሸሽቶ በሣር ውስጥ በተሸሸገ ነበር፤ በሽቦ ቀፎ ውስጥ ግን ወዴት ይሄዳል?

ስለዚህ አርቢዎች በልምድ የያዙት መጠን ለ1 ወንድ 2 ወይም 3 ሴት ነው። ነጋዴ ሒሳብ ያውቃልና ነገሩን በሒሳብ ይየው። 20 ወፍ ለሚገዛ ሰው 5 ወንድና 15 ሴት ይበቁታል። 10 ወንድና 10 ሴት የተሰጠው እንደ ሆነ 5 እንቁላል ጣይ አጥቶ በምትካቸው 5 ትርፍ ወንዶች ይቀልባል። አንዱ ወንድ በቀን 20 ግራም ያህል ቢበላ፥ አምስቱ በ30 ቀን 3 ኪሎ መኖ ይጨርሳሉ፤ ከዚህም መኖ የሚገኘው ፍሬ ጠብ ብቻ ነው። እንቁላሉን ለመብል ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድም ወንድ አያስፈልገውም፤ ሴቲቱ ያለ ወንድም ትጥላለችና።

ይህ ከታወቀ አንድ ለአንድ መሸጥ ስለ ምን ይቀጥላል? ምክንያቱ ከሻጩ ዘንድ ነው። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንዶች ስለሚሆኑ፥ ትርፉ ወንድ በእጁ እንዳይቀር ለገዢው ደባልቆ ይሰጠዋል። መለየቱ አስቸጋሪ ነው የሚለው ምክንያት የሚጸና አይደለም። ተራ መልክ ያላቸው ድርጭቶች 3 ሳምንት ያህል ሲሞላቸው የወንዱ ደረት ነጠብጣብ የሌለው የዝገት መልክ ይይዛል፤ የሴቲቱ ደረት ግን ገርጣ ብሎ ጥቁር ነጠብጣብ ይታይበታል። በላባ መልክ የማይለዩትም ቢሆኑ ለርቢ ሲደርሱ ወንዱ ከጅራቱ ሥር ካለው እብጠት በሚወጣው ነጭ አረፋ ይታወቃል።

የመንቁሩን ጫፍ መቍረጥ ይበቃል የሚሉም አሉ። ይህ ቍስሉን ያቃልል ይሆናል፤ ነገር ግን ለወፊቱ ሥቃይ ነው፥ የጠቡንም ሥር አይነቅልም። የሚሻለው ምክንያቱን ማራቅ ነው። ቀፎው አይጥበብ፤ መብልና ውሃ ከአንድ በሚበልጥ ስፍራ ይቀመጥ፤ የተባረረችው የምትሸሸግበት ቅጠል ወይም ሁለት በር ያለው ሣጥን ይግባ። ለእንቁላል በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ቢያስፈልግም፥ ብርሃኑ ለስላሳ ይሁን፤ እጅግ የደመቀ ብርሃን ወፎቹን ለመናቆር ያነሣሣልና። የቈሰለችው ወዲያው ትለይ። አብረው ወደ ኖሩ ወፎች መካከል እንግዳ ወንድ በድንገት አይጣል፤ መቀላቀል ግድ የሆነ እንደ ሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አዲስ ቀፎ ይዛወሩ።

እንግዲህ ከሻጩ የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። አብረው ያደጉትን 1 ወንድና 3 ሴት እንደ አንድ ቤተ ሰብ አድርጎ በአንድ ዋጋ ይሽጥ፤ ትርፎቹን ወንዶች ለሥጋ ይሽጥ፤ አያያዙንም በአጭር ወረቀት ጽፎ ለገዢው ይስጥ። በዚህ ምክንያት የሴቲቱ ዋጋ ከፍ ቢል አያስነውርም፤ ዋጋው በግልጽ የተነገረ ነውና። ትርፍ ወንድን ደባልቆ መሸጥ ግን ዛሬ ጥቂት ብር ቢያስገኝም ነገ ገዢን ያሳጣል።

ወፍ እንደ ተፈጥሮዋ ትኖራለች፤ ቍጥሯንና ማደሪያዋን የሚወስነው ሰው ነው። አስቀድሞ መጥኖ ያልደቈሰ ነጋዴ በኋላ በወፊቱ ላይ ማማረር አይገባውም።