ኑሮ ሲወደድ ባለበት የሚቆም የሥራ ውል

በማክሰኝት ዙሪያ መሬቱን ለእኩል የሰጠ አርሶ አደር የጤፍ ዋጋ ሲንር ከእኩል አራሹ ጋር ውል ማደስ አያስፈልገውም። ድርሻቸው በእህል በመሆኑ ዋጋው ሲጨምር የሁለቱም ገቢ አብሮ ይጨምራል። በጥሬ ገንዘብ የተቀጠረ ሠራተኛ ግን ይህ ዋስትና የለውም። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የተዋዋለ ሰው፣ በዓመቱ ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ደመወዙ የሚሸምትለት የቀድሞውን 5,000 ብር ያህል ብቻ ይሆናል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በአንዳንድ አገሮች ደመወዝን ከዋጋ ጋር የሚያስተሳስር አንቀጽ በውል ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስና የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 እንዲህ ያለ ውል ፈርመዋል። ቤልጅየም አሠራሩን ዛሬም ትጠቀምበታለች። ጣሊያን ግን ደመወዝና ዋጋ እየተከታተሉ ይንራሉ የሚል ክርክር በርትቶ በ1992 አስቀርታዋለች።

በአገራችን ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አድጓል። ይህ የመንግሥት ውሳኔ እንጂ ቀመር አይደለም፤ ቀጣዩ ጭማሪ መቼ እንደሚመጣ ሠራተኛው አስቀድሞ ሊያሰላ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። በዚሁ አዋጅ መሠረት የኅብረት ስምምነት በራሱ ሌላ ጊዜ ካልተወሰነለት ለ3 ዓመት አይነካም፤ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ከተከሰተ ግን ከዚያ በፊት ለድርድር ሊቀርብ ይችላል። ማኅበር ያለው ሠራተኛ ይህን በር ማንኳኳት ይችላል። ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ግን ማኅበር የለውም፤ ያለው የተነጋገረው ቃል ብቻ ነው።

ለዓመት የሚቀጠር ሰው ከአሠሪው ጋር ሊስማማበት የሚችል ቀላል መንገድ አለ። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው የዋጋ መረጃ አገር አቀፍ ሥዕል ስለሚያሳይ፣ ለገጠር ቅጥር የአካባቢው ገበያ የኩንታል ጤፍ ዋጋ የተሻለ መለኪያ ይመስለኛል። ነገር ግን ጤፍ በጥር ይረክሳል፣ ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ ዋጋው በየትኛው ወር እንደሚለካ፣ ደመወዙም ከስንት ብር በታች እንደማይወርድ አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። አሠሪው አርሶ አደርም ቢሆን የሚከፍለው የሚጨምረው የሚሸጠው እህል ሲወደድ በመሆኑ ሸክሙ አይከብደውም፤ የሚሸጥ ትርፍ ምርት ለሌለው ግን ይከብዳል።

አዋጁ በቃል የተደረገ ቅጥርንም ይቀበላል። ሆኖም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተስማሙበትን በጽሑፍ አስፍሮና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የዋጋው ነገር የሚገባውም እዚያ ወረቀት ላይ ነው።