ለብዕር ሥዕል ወረቀት መምረጥ

የእርሳስ ሥዕል ቢበላሽ በላጲስ ይጠፋል። በብዕርና በቀለም የተሰመረ መስመር ግን ተመልሶ አይነሣም። ስለዚህ ብዙ ሠዓሊዎች ብዕራቸውንና እጃቸውን አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ ወረቀቱን ግን እንደተገኘ ይወስዳሉ። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል፤ የብዕር ሥዕል ጥራትና ዕድሜ ከብዕሩ ባላነሰ በወረቀቱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

የጥንት የኢትዮጵያ ጸሐፍት ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የፍየሉ ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ በድንጋይ ለስልሶ ብራና እስኪሆን ድረስ መቃ ብዕር ቀለም አይነካም ነበር። ድካማቸውም በከንቱ አልቀረም። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የወንጌል መጻሕፍት ከ1,300 ዓመታት በላይ ቢያልፋቸውም ጽሕፈታቸውና ሥዕላቸው እስከ ዛሬ ይታያል።

ወረቀት ደግሞ እርስ በርሳቸው የተያያዙ የተክል ቃጫዎች ንጣፍ ነው። ቃጫው ብቻውን ቀለምን እንደ ጥጥ ስለሚመጥ፣ በፋብሪካ ስታርች ወይም ጄላቲን የመሰለ ነገር ይጨመርበታል። ይህ ያነሰበት ወረቀት መስመሩን ያደፈርሰዋል፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰውም ቀለሙን ቶሎ ስለማይቀበል ሥዕሉ ሳይደርቅ በእጅ ይጠረጋል። ውፍረትም ይታሰባል። አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝን ተራ የጽሕፈት ወረቀት ብዙ ቀለም ሲያርፍበት ይጨማደዳል፤ 200 ግራም የሚመዝነው ግን የተሻለ ይችላል። እንደ ጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የተሠራው ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል፤ አሲድ የሌለበት የጥጥ ወረቀት ግን ለረጅም ዘመን ይቆያል።

ይህ ነገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቱነይድባን ያስብ። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ይህ መጠለያ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም.፣ የትግራይን ጦርነት ሸሽተው ድንበር ለተሻገሩ ስደተኞች ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የተጠለለ ወጣት ትቶት የመጣውን ቤት ወይም የሞተችበትን እናቱን መልክ በብዕር ቢሥል፣ ፎቶግራፉ ሁሉ ለጠፋበት ቤተሰብ ያ ሥዕል ብቸኛው መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። በበጋ ሙቀትና አቧራ፣ በክረምትም እርጥበት በሚፈራረቁበት ድንኳን ውስጥ ሥዕሉ በደካማ ወረቀት ላይ ቢሠራ፣ መታሰቢያው ከባለቤቱ ቀድሞ ያልፋል።

«የዕለት ጉርስ ለቸገረው ሰው ስለ ወረቀት ዓይነት መናገር ምን ይረባዋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መምረጥ ማለት ውድ መግዛት ማለት አይደለም። ሠዓሊው ባገኘው ወረቀት ሁሉ ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን መስመር፣ አንድ ነጥብና ጥቂት የተጠላለፉ መስመሮች ያስምር። ከደረቀም በኋላ ጀርባውን ገልብጦ ይመልከት። መስመሩ ካልተበተነና ቀለሙ ወደ ጀርባ ካላለፈ ወረቀቱ ለሥራ ይሆናል። ደካማው ለልምምድ ይዋል፤ የተሻለው ለመጨረሻው ሥዕል ይቀመጥ። ያለቀውም ሥዕል ከፀሐይና ከእርጥበት ተጠብቆ በጠፍጣፋ ነገር መካከል ይኑር። ለስደተኛ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ የሚልኩ ወገኖችም ጥቂት ወፍራም የሥዕል ወረቀት ቢጨምሩ፣ የሚጨምሩት መጫወቻ ሳይሆን የትዝታ ማኖሪያ ነው።

እንግዲህ ወረቀት መምረጥ የሀብታም ሠዓሊ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጥቂት ያለው ሰው ያችኑ ጥቂት ማባከን ስለማይችል፣ ከሁሉ ይልቅ መምረጥ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።